በእትዬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ክዳን

በጎዴ ሙቀት ሙዝ ሁለት ቀን አይቆይም። ዛሬ ጠዋት ኩሽና ስገባ፣ ሳህን ላይ የረሳሁት ሙዝ ጠቁሮ ጣፈጥም ኮምጠጥም እያለ ሸተተኝ። ልጥለው አነሳሁና ቆምኩ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሳለሁ አባቴን ያሳፈርኩበት ሽታ ነው።

ያደግኩት መርካቶ፣ ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ቤት ብቻ ባለበት ጠባብ ግቢ ነው። በአንደኛው እኔ፣ አባቴና ቀኑን ገበያ የምትውለው እናቴ ነበርን። ፊት ለፊታችን ጠላ ጠምቀው የሚሸጡት ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ እትዬ። አባቴ እህል በረንዳ ተሸካሚ ነበር። አንድ ቀን የጤፍ ጆንያ እንደተሸከመ ወገቡ ከዳው፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ፍራሹን በሩ አጠገብ አነጠፍንለት። ከዚያ ሆኖ የሚያየው የእትዬን የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር።

"ወሎ እያለሁ፣ መስከረም ሲጠባ ቢራቢሮ ፊቴን እየዳሰሰች ታልፍ ነበር" አለኝ አንድ ቀን። "እዚህ አንድም አላየሁ።"

ምኞት የመሰለ ነገር ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

አስተማሪያችን ቢራቢሮ የበሰለ ፍሬ ጭማቂ እንደምትመጥ ነግረውን ነበር። የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን በምስማር ሦስት ቦታ በሳሁና ሲባጎ አሰርኩበት። ሙዝ በስኳር ጨፍልቄ ሞልቼ ከበራችን በላይ ሰቀልኩት። መጀመሪያ የመጣው ዝንብ ነው። በሦስተኛው ቀን ሙዙ አረፋ አወጣ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው።

እትዬ ከደጃቸው ጮኹ፦ "ጋሼ! እኔ ሳልሰማ ጠጅ ቤት ከፈቱ እንዴ? ደንበኞቼን ሊነጥቁኝ ነው!"

አሁን ሳስታውሰው ቢያስቀኝም አባቴን አላሳቀውም። ተኝቶም ቢሆን አንድ ሶላት የማያልፈው ሰው ነው። ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ።

"አውርጂው ልጄ። የሚያሰክር ነገር እኔ ቤት አይሸትም።"

"ለአንተ ብዬ እኮ ነው አባ።"

"አውቃለሁ። አውርጂው።"

አወረድኩት። እንባዬን ያዩት እትዬ ግቢውን አቋርጠው መጡና ክዳኑን ከእጄ ወሰዱ። "ወዲህ በይው። ከኔ ጋኖች መሀል ሽታውን ማን ይለየዋል?" አሉ። ጤና አዳም ከተከሉበት የዘይት ቆርቆሮ በላይ፣ ግድግዳቸው ላይ ምስማር መቱለት። ልክ በአባቴ ፊት ለፊት።

እኔ ግን ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ሙዙን በየቀኑ እቀይር ነበር። ትኩሱ ሙዝ ላይ አንዲትም ቢራቢሮ አላረፈች። በአራተኛው ቀን ሳልቀይረው ዝም አልኩ፤ ቆየና አረፋ አወጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግድግዳውን ስትነካው፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት ጥቁር ቢራቢሮ መጥታ ክዳኑ ጠርዝ ላይ አረፈች። ክንፏን ትከፍታለች፣ ትከድናለች። አባቴ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

"ማሻአላህ" አለ። ቆየት ብሎም፣ "ይሄ ሽታ..."

ድንግጥ አልኩ።

"...የእትዬ ጠላ ዛሬ በርትቷል" አለ፣ ዓይኑን ከክዳኑ ሳይነቅል።

አባቴ የጠላና የሙዝ ሽታ የሚምታታበት ሰው አልነበረም።

ክረምት ሳይገባ ሞተ። ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ከወጡ በኋላ ወደ ግቢው ወጣሁ። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ክዳኑ ላይ ሙዝ ይጨፈልቃሉ።

"ለማን ነው እትዬ?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አላዩኝም። "በራችሁ ገና ክፍት ነው" አሉ።

የዛሬውን ሙዝ አልጣልኩትም። በጣሳ ክዳን አድርጌ ከቤት ውጭ፣ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። ሽታው እንዳይገባ መስኮቱን ዘግቼ፣ በመስታወቱ አሻግሬ እያየሁ ነው።