ቀድመው የሚቀምሱልኝ እትዬ

እትዬ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ዛሬ አርባዎ ወጣ።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከአሰበ ተፈሪ ተጭኖ ከሄደ ወዲህ የእንቅልፍ ክኒን ካልዋጥኩ አልተኛም ነበር። ጤና ረዳቱ «በአንዴ አታቁሚው፣ ቀስ እያልሽ ቀንሺ» ሲለኝ፣ ክኒኑን በምላጭ የከፈሉልኝ እርስዎ ነዎት። ያን ሰሞን ክኒኑ ሲቀንስብኝ ፍርሃት ይይዘኛል፤ ከሚኤሶ የሚመጣ መኪና በደጃችን ሲያልፍ እኔንም ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኛል። ያፈሉልኝን ጤና አዳም እንኳ ፈርቼ ስገፋው፣ ፉት ይሉትና «ይኸው ቀመስኩት፤ ከሞትኩ አትጠጪውም» ይሉኛል። እየሳቅኩ እጠጣዋለሁ።

ትላንት ያ ፍርሃት ተመለሰብኝ። ከጓሮዎ ቅጠሉን ቀጥፌ አፈላሁ። ፈርቻለሁ፣ እትዬ። ብርጭቆው ፊቴ እንደተቀመጠ ቀዘቀዘ፤ ቀድሞ የሚቀምሰው ሰው የለም።