ከፊሽካው በኋላ የሚቀሩት አያቴ

አያቴ ኳስ ማየት የጀመሩት ካረጁ በኋላ ነው። ሞጣ ያለው ቤታቸው ለኮሌጁ ሜዳ ቅርብ ነበርና አንድ ቀን ጩኸቱ ቢያስቸግራቸው ሊቆጡ ወጡ፤ በዚያው ደጋፊ ሆነው ቀሩ። የደገፉት የኮሌጁ ቡድን ግን ማሸነፍ የሚባል ነገር አልሆነለትም። አምና ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ሁለተኛው ግብ ሲገባበት ተመልካቹ እየተነሣ ይሄዳል፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከሚቀመጡበት ድንጋይ ንቅንቅ አይሉም።

«አባባ፣ በቃ እንሂድ፤ አልቆለታል» ስላቸው ይቆጡኛል።

«ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳያስተዛዝን የሚወጣ ሰው አይተሻል?»

ፊሽካው ሲነፋ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይመጣሉ። እሳቸውም የእያንዳንዱን እጅ እየጨበጡ፣ ልክ ሰው እንደሞተበት፣ «እግዜር ያጽናህ» ይሉታል። መጀመሪያ ልጆቹ ይስቁ ነበር። ኋላ ግን አያቴን ሳይጨብጥ ወደ ቤቱ የሚሄድ ጠፋ።

እሳቸው ካረፉ ወዲህ ሜዳውን አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ናፍቆቱ ቢጠናብኝ ከቢቸና ተነሥቼ ሄድኩ። ቡድኑ እንደልማዱ ተመራ፤ ሰዉም ጨዋታው ሳያልቅ ተበተነ። እኔ ባዶው ድንጋይ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ፤ ልቀመጥበት አልደፈርኩም።

ፊሽካው ሲነፋ ልጆቹ እግራቸው እንደለመደው ወደ ድንጋዩ መጡ። ሲደርሱ ቆም አሉ። ግብ ጠባቂው እጁን በማሊያው ጠረገና ዘረጋልኝ።

«እግዜር ያጽናሽ» አለኝ።

ሁሉም በተራ ጨበጡኝ። የተሸነፉት እነሱ ነበሩ።