ጭስ የሌላት መኪና

መምህሩ ክርክር ካገኘ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነበር። የሚያስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ድምፁ ክፍሉን አልፎ ኮሪደሩን ስለሚሞላው ከጎኑ የምታስተምረው የሒሳብ መምህርት «የእኔም ልጆች ስለ በረሃ መስፋፋት ካንተ ተምረው ጨረሱ» ትለዋለች። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰሞን ደግሞ ከእሱ አፍ ሌላ ወሬ ጠፋ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሻይ ብርጭቆ የያዘውን ሁሉ እያስቆመ ስለ ነዳጅና ስለ ከተማው አየር ሲሰብክ፣ ባልደረቦቹ «ንጹሕ አየር» የሚል ስም አወጡለት። ገና ከበር ሲገባ «መስኮት ክፈቱ፣ ንጹሕ አየር መጣ» ይላሉ። አብሯቸው ይስቃል። ስሙን ሳይወደው አልቀረም።

መኪናዋን የገዛው ግን ለወሬ ብቻ አልነበረም። አማቱ፣ የሚስቱ አባት፣ ዕድሜያቸውን በናፍጣ መኪና ጋራዥ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ዝናብና ብርድ ሲሆን በሩን ዘግተው ሞተር እያስነሱ፣ ጭሱን እየማጉ ኖረው፣ በስተርጅና ሳንባቸው አልታዘዝ አላቸው። ልጃቸው ቤት ከገቡ ጀምሮ የሚተኙት ምድር ቤት ባለችው ክፍል ነው። አልጋቸው አጠገብ ከሶኬት ላይ የተሰካ የኦክስጅን ማሽን ቀኑን ማታውን ያጉረመርማል፤ ከእሱ የሚመጣ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫቸው ይገባል። ቀን ቀን ግቢ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ያለ ማሽኑ ትንሽ ይቆያሉ። ሲመሽ ግን ያለሱ አይሆንላቸውም። መምህሩ የማሽኑን ድምፅ በሰማ ቁጥር በናፍጣ ላይ ያለው ቂም ይታደስበታል።

ዋነኛ ተከራካሪው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር። ባሮጌ ፒክአፕ ሸቀጥ እያመላለሰ የሚኖር፣ ከዚያው ግቢ ጓሮ ባለች ክፍል የሚያድር ሹፌር ነው። እሑድ እሑድ ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ ሁለቱ ግራና ቀኝ ወንበር ስበው በክርክር ይያያዛሉ።

«እሺ ቲቸር፣ ያንተዋ አታጨስም እንበል» ይላል ሹፌሩ። «መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው? ግድቡ ውሃ ሲያጥረው ጄኔሬተር አይደል የሚነሳው? ጭሱን ከመንገድ አንስተህ ከከተማ ውጪ ላክኸው እንጂ መቼ አጠፋኸው?»

«ቢሆንም ያንሳል። ያንተ በሰው አፍንጫ ስር ነው የሚያልፈው።»

«ባትሪውስ? ማዕድኑ የሚቆፈርበት መሬት የሰው መሬት አይደለም? ሲሞትስ የት ልትቀብረው ነው?»

«ናፍጣስ ከመሬት አይደለም የሚቆፈረው? ከዳቦ ቤት ነው እንዴ የሚመጣው?»

«እሱን ተወው። ጭነት ይዤ ገጠር ብወርድና መንገድ ላይ ብታልቅብኝ፣ መብራት በጀሪካን የሚያመጣልኝ ማነው?»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ይስቁና ሳል ይይዛቸዋል። «ተዉኝ እናንተ ልጆች፣ ሳቅም አየር ይፈልጋል» ይላሉ። ፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነችው የመምህሩ ሚስት ደግሞ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ሁለታችሁም አፋችሁን ብትዘጉ የግቢው አየር ይጠራ ነበር» ብላቸው ትመለሳለች።

አንድ ነገር ላይ ግን ክርክር አልነበረም። መኪናዋ ስትመጣ የተጠራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦውን አይቶ «ይቺ መስመር መኪናዋንና ማሽኑን አንድ ላይ አትችልም» ብሎ ነበር። ስለዚህ ቻርጅ የሚደረገው ሽማግሌው ግቢ ሲቀመጡ፣ ማሽኑ ሲጠፋ ብቻ ነው። መምህሩ ራሱ ነው ቤተሰቡን ሰብስቦ ሕጉን ያወጣው።

አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሕጉን ራሱ አፈረሰው። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ክርክር ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና እውነት ለአካባቢ ይበጃል ወይ፣ ለኑሮስ ያመቻል ወይ የሚል። መምህሩ የደጋፊው ወገን ተናጋሪ ነው፤ መኪናዋንም ይዞ መጥቶ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ቃል ገብቷል። ቀኑን ሲዞርባት ውሎ ባትሪዋ ሊያልቅ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሚስቱ የታመመች የሥራ ጓደኛዋን ልትጠይቅ ወጥታ ነበር፤ ስትወጣ «አባባን አደራ» ብላዋለች። ለትምህርት ቤት የምታደርሰኝ ትንሽ ብቻ፣ አለና ሰካ። ወዲያው ወደ ሽማግሌው ክፍል ገባ። ማሽኑ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል።

«ደህና ነዎት አባባ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ።»

ምንም አልሆነም ብሎ ፎቅ ወጣ። ስልኩን ሲከፍት የመምህራኑ ግሩፕ በነገው ክርክር ይፋጃል። የስፖርት መምህሩ «ላም አለኝ በሰማይ ነው የዚህ መኪና ነገር» ብሎ ጽፎ ሰዉ ሁሉ ስቆበታል። መምህሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መልስ መጻፍ ጀመረ። ስለ ሳንባ ጻፈ፤ አማቱንም ስማቸውን ሳይጠራ ምሳሌ አደረጋቸው። መሐል ላይ መብራት ጠፋ።

መስኮቱ ፊት ለፊቱ ነበር። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ሳሎን ቦግ ብሎ በርቷል፤ መንገዱም በርቷል። የጠፋው የእነሱ ቤት ብቻ ነው። አየ። ገባውም። ይቺን ብቻ ልጨርስ፣ አለ በሆዱ። ጨረሰ፤ መልሶ አነበበ፤ አንድ ቃል አልጣመውምና ለወጠ፤ ላከ። ከዚያም አልተነሳም። የስፖርት መምህሩ ምን ይል እንደሆን ለማየት ጠበቀ። መልሱ ሲዘገይ ነው ቤቱ ጸጥ ማለቱ ጆሮው ላይ የደረሰው። መብራት ሲሄድ የሚጮኸው የማሽኑ ደወል ከተበላሸ ቆይቷል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ሽማግሌው ከአልጋቸው ወርደው ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል። ለክፉ ቀን ተብሎ የተቀመጠውን የኦክስጅን ሲሊንደር አንቀው ይዘዋል፤ ቁልፉን ማዞር ግን እጃቸው አልቻለም። ከንፈራቸው ጠቁሯል። መምህሩ ቁልፉን ከፍቶ ጭምብሉን አፋቸው ላይ አደረገና «አባባ፣ አባባ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ጠፋው። ዓይናቸው ያየዋል፤ አይመልሱለትም።

መኪናዋ የሆስፒታሉን መንገድ እንደማትጨርስ ያውቃል። ወደ ጓሮ ጮኸ። ሹፌሩ ፊቱ ላይ ሳሙና እንዳለ ወጣ፤ ምን ሆነ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ ፒክአፑን አስነሳ። ግቢው በጥቁር ጭስ ተሞላ። መምህሩ ሽማግሌውን አቅፎ ሲወጣ ጭሱ እንዳይደርስባቸው ኮቱን አውልቆ ፊታቸውን ጋረደላቸው፤ በዚያችው ጭስ በምትተፋ መኪና ውስጥ ይዟቸው ገባ። መንገዱን ሁሉ ጭንቅላታቸውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ትንፋሻቸውን ያዳምጥ ነበር።

ተረፉ። ሐኪሟ «በጊዜ አድርሳችኋቸዋል» ስትል መምህሩ ትቷት ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሚስቱ እየሮጠች መጣች። ከአባቷ ክፍል ስትወጣ እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ቻርጅ ሰክቼ ነበር» አላት።

«እሺ። ዋናው መትረፉ ነው» አለችና ፊቷን አዙራ ተቀመጠች።

ከሹፌሩ ስድብ ጠበቀ። በልቡ ስድቡን ፈልጎት ነበር፤ ቢሰድበው የሚቀለው መስሎታል። ሹፌሩ ግን አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀመጠና የደረቀውን ሳሙና ከጆሮው ስር ይፍቅ ጀመር።

«ቲቸር» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ በየጠዋቱ ፒክአፔን የማሞቀው የት ነው?»

መምህሩ ዞሮ አየው፤ ሹፌሩ ራሱ መለሰ።

«በአባባ መስኮት ስር ነው። ስንት ዓመቴ። መስኮቱን ከውስጥ ሲዘጉ እሰማለሁ። አንድ ቀን አንቀሳቅሰህ አቁማት አላሉኝም፤ እኔም አላንቀሳቀስኳትም። እና ምን አፍ አለኝ?»

መምህሩ በዚያች ሰዓት ስለዚያች መልእክት ሊነግረው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

በአማቱ ሕመም ምክንያት ክርክሩ ወደ ቀጣዩ ሳምንት ተላለፈ። ሌላ ሰው ይተካኝ ብሎ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ግን «ያለ ንጹሕ አየር ምን ክርክር አለ?» ብለው እምቢ አሉት። በአውቶቡስ ሄደ። አዳራሹ ሞልቷል። ያጠናውን ተናገረ። ከተማ ውስጥ ጭስ የሚምገው ድሃው እንደሆነ፣ ናፍጣ ስንት ሳንባ እንደበላ አስረዳ። የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ አሁንም ያምንበታል። በጥያቄ ሰዓት ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ ተነሳች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ቤት ውስጥ በመኪናዋ ምክንያት ችግር ገጥሞዎት ያውቃል?»

«ያው እንግዲህ፣ መብራት አንዳንዴ ይጠፋል» አለ። ድምፁ ለራሱ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

አዳራሹ ሳቀ፤ መብራት የማይጠፋበት ማን አለ? ልጅቷም ስቃ ተቀመጠች። እጅ በማውጣት በተሰጠው ድምፅ የእሱ ወገን አሸነፈ። የስፖርት መምህሩ መጥቶ አቀፈውና «በዚያን ምሽት በጻፍካት መልእክት ነው ያሸነፍከኝ፣ ስለ ሳንባ ያልካት» አለው። መምህሩ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ፤ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ታጠበ። ቀና ብሎ መስታወቱን ማየት ግን አልፈለገም።

የዚያን ዕለት ቤት ሲገባ ሚስቱ ወጥ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ሁሉንም ነገራት፤ የጎረቤቱን መብራት ማየቱን፣ እንደገባው፣ ጽፎ መጨረሱን፣ ቃል መለወጡን፣ መልስ መጠበቁን። ካውያውን ከሶኬት ነቀለችና አቆመችው።

«ስንት ጊዜ ቆየህ?»

«አላውቅም። ብዙ ነበር።»

«አላወቅኩም ነበር ብትለኝ አምንህ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። ቀጥላም፣ «ለአባባ እንዳትነግረው። ለአንተ ቀለል እንዲልህ ብለህ እሱን አታስከፋው» አለችው። የተኮሰችውን ልብስ አቅፋ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ አልተጣሉም። ታናግረዋለች፤ አብረው ይበላሉ። ነገር ግን ከቤት መውጣት ሲኖርባት ባሏ ሳሎን ተቀምጦ እያየ ወደ ጓሮ ትጠራለች፤ «ና እስቲ፣ እስክመለስ አባባ ጋ ሁን» ትላለች ወንድሟን። ሹፌሩ አንገቱን አቀርቅሮ በመምህሩ ፊት ያልፋል። መምህሩም አይከፋውም። ቢከፋውም የሚናገርበት አንደበት የለውም።

ለመኪናዋ የራሷ መስመር እስኪገባ ወራት ፈጀ። እስከዚያ ድረስ መንገድ ዳር ባለው የቻርጅ ጣቢያ ተሰልፎ ይሞላታል። አንዳንድ ቀን ወረፋው ሲንቀራፈፍበት ሹፌሩ የሚላቸውን ነገሮች በየተራ ያስታውሳል፤ ግማሾቹ ልክ ነበሩ። ሹፌሩ ደግሞ ፒክአፑን ከግቢ አውጥቶ መንገድ ላይ ማሳደር ጀምሯል። ሽማግሌው ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ እንደ ድሮው አልሆኑም፤ ፀሐይ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ አጥሯል። ሐኪሟ «ሕመሙ ራሱ የሚሄድበት መንገድ ነው» ብላለች። መምህሩ ይህን ከሚስቱ አፍ ሲሰማ ዓይኗን ሊያነብ ሞከረ፤ ምንም አላገኘበትም።

መስመሩ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ቦርሳዋን አነሳች። ወደ ጓሮው አልተጣራችም። «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ የውጭውን በር ከፍታ ሄደች። መምህሩ በሩ እስኪዘጋ ቆሞ ቆየ። ከዚያ ስልኩን ፎቅ ላይ ትቶ ወረደና ሽማግሌው አልጋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲተነፍሱ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል ያያል።

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምነው እንደ ቴሌቪዥን ታየኛለህ?»

«ምንም አይደል አባባ፣ ይተኙ።»

«እንዲህ አፍጥጠህብኝ እንዴት ነው የምተኛው? መጽሐፍ አምጣና አንብብ። ወይም ያንን ልጅ ጥራውና ተከራከሩ፤ ቤቱ ዝም ሲል አልወድም።»

መምህሩ መጽሐፍ ሊያመጣ ተነሳ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ማሽኑን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።