እርጥቡ ጉንጉን

«እርጥቡን የጎነጎነው ማን ነው?» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ለሁለተኛ ጊዜ። ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ የከረመውን የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን አውርደው እግራችን ሥር ጣሉት። መሐሉ ሻግቷል። ለዘር የተመረጠው ራስ ሁሉ በጣት ሲጫኑት ይሟሽሻል። «ዘሬን የጨረሰ ሰው እዚህ ቤት አያድርም። አንቺ ነሽ ሌንሴ? ወይስ አንተ ግጥመኛ?»

ሌንሴ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ከኑኑ ቁምባ መጥታ እሳቸው ዘንድ እያደረች ነቀምት ትማር ነበር። እኔ ጎረቤት ነበርኩ፤ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ደጅ ለባላገር ማመልከቻ የምጽፍ፣ ግጥም ያለ አስተማሪ የለመድኩ። የሆነውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለነፍስ አባቴም ጭምር። ለአንተ ልናገር፣ አንባቢዬ።

ሽንኩርቱን የነቀልን ዕለት አዴ ጫልቱ ገበያ ሄደው ነበር። ሌንሴ «ቅጠሉ መጀመሪያ ይጠውልግ፤ አዳዳ ብለዋል» አለችኝ፤ አክስቷን የምትጠራው እንዲህ ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ ጓሮው በሽንኩርት ሽታ ታውዷል፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣለች። ምን ልጠብቅ? እስኪጠወልግ ብዬ ብሄድ፣ ነገ ማን ይጠራኛል?

«ሹሩባሽን በደረቅ ጠጉር ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «ቅቤ አይደል የምትቀቢው? የሚታዘዘው እርጥብ ነገር ነው።»

«አሁን ሽንኩርትም ቅቤ ልቀባ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ አሰከረኝ።

ጎነጎንኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ መሐል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ መሐል። በእያንዳንዱ እጥፋት አንድ ቃል ይመጣልኛል፣ ቤት ይመታልኛል፣ ልቤ ከእጄ ቀድሞ ይሮጣል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህንንም ልናዘዝ፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። እርጥቡን አጥብቄ የጎነጎንኩት እኔ ነኝ። እንድታግዘኝ የለመንኳት እኔ ነኝ። ወጥቼ የሰቀልኩትም፣ ከሥሩ ቆሜ እንደ ጌጥ ያደነቅሁትም እኔ።

ታዲያ ስጠየቅ ምን አልኩ?

«እኔማ ቅጠሉ መጀመሪያ ይጠውልግ ብያት ነበር» አልኩ።

የራሷን ቃል! ለአገሩ ሁሉ ቃል የምጽፍ ሰው ከአንዲት ልጅ አፍ ሰረቅሁ። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ምን የሚያስፈራ ነገር ነበረኝ? እኔ ከቤት አልባረር፣ ከትምህርት አልቀር። በፊቷ ሞኝ ላለመሆን ነው የዋሸሁት፣ ያውም በእሷው ፊት፣ እውነቱን በምታውቀው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ስንት ክረምት ፈልጌ አጣሁ። ይቅር በለኝም አልልህም።

አዴ ጫልቱ ወደ ሌንሴ ዞሩ። «እውነቱን ነው?»

ሌንሴ አየችኝ። ጠበቀችኝ። ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቃል ቸግሮኝ የማላውቅ እኔ፣ ጎንበስ ብዬ የሻገተውን ጉንጉን አገላበጥኩ።

«ቶሌ፣ አዳዳ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ደብተሮቿን መደቡ ላይ ትታ፣ ነጠላዋን ብቻ አንስታ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ተዘጋ።