የሲንቄዋ ጫፍ

እናቴ ሲናና ወረዳ፣ ገጠር ውስጥ ነው የምትኖረው። እኔ ሮቤ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው የማወራው ጥፋት የማን እንደሆነ ከአሁኑ እንዲታወቅ ብዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።

የበልጉ ዝናብ በሚጠበቅበት ሰሞን የእናቴ ቀኝ እግር ከጣቶቿ ከፍ ብሎ አበጠ። አልወደቀችም፣ ምንም አልመታትም። ስትቆም ይብስባታል፣ ጋደም ስትል ይተዋታል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ወደኔ ክፍል ቢመጣ ምን እንደምል አውቃለሁ። በዚያ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት ደጃፏ ላይ ተደናቅፋ፣ በእጇ መሬቱን ስለተደገፈች ብቻ የእጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ጀርባዋም ከዓመት ዓመት እየጎበጠ፣ ቀሚሷ ከፊት መሬት መጥረግ ጀምሯል። የአጥንት መሳሳት ነው፤ ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቁጭ አድርጌ አስረዳ ነበር። ለእናቴ ግን በስልክ «እርጅና ነው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪው» አልኳት።

ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ ቤቱ በጎረቤት ሴቶች ተሞልቷል። ወጌሻ ተጠርቷል፣ ቅቤው ቀልጦ ቀርቧል፤ ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው እግሯን ሊያሹ ጎንበስ ብለዋል። ደሜ ፈላ! «ማንም አይነካትም! እርስዎም እጅዎን ያንሱ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ አፈረች። እኔ ግን ማን ሊመልሰኝ፤ እየጎተትኩ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋትና ሮቤ ወስጄ ራጅ አስነሳኋት።

ሐኪሙ ፊልሙን አየና እንዲህ አለኝ፦ «ስብራት አልታየኝም። ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ ይደበቃል። የእናትሽ አጥንትም የሳሳ ይመስላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድገመው። እስከዚያ በዚህ እግራቸው አይርገጡ፤ ምርኩዝ ይያዙ። ይህን ኮንጎ ጫማም ይተዉና ወፈር ያለ ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ።»

እናቴ አማርኛ ብዙም ስለማትሰማ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ከዚህ ሁሉ ያደረስኩላት «ስብራት አልታየም፤ ትንሽ አረፍ በይ» የሚለውን ብቻ ነው። ልቤ ያለው ቤት ከሚጠብቁኝ ሴቶች ጋር ነበር። ልክ እንደደረስን ፊልሙን በበሩ ብርሃን ላይ ዘረጋሁና «ይኸው! አጥንቷ ንጹህ ነው፣ ምንም የላትም! እናንተ ደግሞ ወጌሻ ትላላችሁ!» አልኳቸው። ሽማግሌው ፊልሙን ለረጅም ጊዜ አዩት። «አንቺ ካልሽ እሺ» ብለው ዱላቸውን አንስተው ወጡ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። ክሊኒኩ በሕመምተኛ ተጨናንቆ ነበር እላለሁ፤ እውነቱ ግን ረሳሁት። ስደውል «እግርሽስ?» እላለሁ፣ «አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች፣ አለቀ።

ከወር በኋላ ስሄድ ሲንቄዋን ይዛ አገኘኋት። ሲንቄ በኛ አገር እናት ለሴት ልጇ በሰርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን ቀጥ ያለ በትር ናት። ሴት ስትበደል ሴቶቹ እሷን ይዘው ይወጣሉ፤ ዝናብ ሲጠፋም ይዘዋት ይለምናሉ። ቀጥ አድርገው ይይዟታል እንጂ አይመረኮዟትም። የኔዋ ሮቤ ከበር ጀርባ ቆማ አቧራ ትጠጣለች። «ምነው ሲንቄ?» ብላት «ዝናቡ ዘገየ፣ እየወጣን እንለምናለን» አለችኝ። ደስ አለኝ። እግሯ ድኖ ለዝናብ ልመና ወጣች ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አወራሁ።

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ሲንቄዋ ከእጇ አትለይም። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ይዛታለች፤ ከብቶቹ ጋ ይዛታለች። ስትሰግድም በርጩማ ላይ ተቀምጣ መሆኑን አይቻለሁ፤ አይቼም አለፍኩት። አንድ ቀን ወደ ሽንት ቤት ይዛት ስትሄድ «እማ፣ እዚያም ዝናብ ትለምኛለሽ?» ብዬ ቀለድኩባት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ዛሬ ያ እንባ የሳቅ ብቻ እንዳልነበር አውቃለሁ።

ዝናቡ መጣ፤ ሲንቄዋ ግን ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። ይህም አልታየኝም።

አንድ ጭቃማ ጠዋት ጎረቤቷ ደወለችልኝ። እናቴ ከበረንዳው ስትወርድ በደህናው እግሯ ላይ ስትደገፍ አንሸራትቷት ወድቃለች፤ መነሳት አልቻለችም። ጎባ ሆስፒታል ወሰድናት። የጭኗ አጥንት ዳሌው ሥር ተሰብሯል። ያን ጊዜ ነው የቀኝ እግሯም ራጅ ይነሳ ብዬ የለመንኩት። ሁለት አጥንቶች ላይ የቆየ ስንጥቅ ነበር፤ ዙሪያቸውን አዲስ አጥንት በቅሎ ጠማማ ሆነው ገጥመዋል። «ይህን ሁሉ ጊዜ በዚህ እግር ነው የተራመዱት?» አለኝ ያነሳው ባለሙያ።

ጎረቤቶቿ ሲንቄዋን ጭቃ ውስጥ ጥለዋት አልመጡም፤ ከነጭቃዋ ይዘዋት መጥተዋል። ውጭ ካለው ቧንቧ ላይ ላጥባት ወሰድኳት። ጭቃው ሲለቅ ጫፏን አየሁት፤ እንደታኘከ መፋቂያ ተበታትኗል፣ በአንድ በኩል በሰያፍ ተበልቷል። አርባ ዓመት አንዲት ጭረት ያልነካት በትር! ቧንቧውን ዘጋሁት።

ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ለምን አልነገርሽኝም? ቤት ውስጥ የአባዬ ከዘራ የለም ወይ?» አልኳት። ተቆጥቼ ነበር የጠየቅኳት፤ ሌላ መጠየቅ አላውቅማ።

«ኢንታላ ኮ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ «ሰው ሁሉ ፊት ምንም የላትም አልሽ። ከዘራ ይዤ ብታይ ወጌሻው ምን ይላሉ? ልጅሽ ዋሸች አይሉኝም? ሲንቄ የያዘችን ሴት ግን ለምን ያዝሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

አዲስ አበባ ተልካ አጥንቷ በብረት ተያዘ። አሁን በባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ከአልጋዋ እስከ በሩ ትደርሳለች፤ ከዚያ ማለፍ መቻሏን ማንም አያውቅም። እኔ መድኃኒቷን እሰጣታለሁ፣ ፀሐይ እንድትሞቅ አወጣታለሁ። ምንጣፉን አንስቻለሁ፣ ደረጃው ላይ መያዣ አስመትቻለሁ፣ ወፍራም ጫማም ገዝቻለሁ። ለሕመምተኞቼ ስሰብከው የኖርኩት ሁሉ ነው።

ወደ ቤቷ በተመለሰች በመጀመሪያው ቅዳሜ ሴቶቹ ሊጠይቋት ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ወጌሻም መጥተው በሩ ጋ ተቀመጡ። ሳልጠራቸው መምጣታቸው አሳፈረኝ። ተነስቼ ቆምኩ። «ያን ቀን አጥንቷ ንጹህ ነው ያልኳችሁ…» ብዬ ጀመርኩ። «ሐኪሙ እንደዚያ አላለም። እግሯ ያኔውኑ ተሰንጥቆ ነበር። እኔ ነኝ…»

እናቴ መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አለች።

«አትስሟት» አለቻቸው። «ሌሊቱን እኔን ስታስታምም አድራ ደክሟታል። ልጄ ልክ ነበረች።»