አበባ አዝናቢው መርዳሳ

አዳማ ውስጥ ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት የተዳረ ሰው አልበሙን አውጥቶ ይገላልጥ። ሙሽሮቹ ላይ ቀይ አበባ ሲዘንብባቸው የሚያሳይ ፎቶ ካገኘ፣ ያነሳው መርዳሳ ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም። መርዳሳ ረጅም፣ አንዱ ትከሻው በካሜራ ማንገቻ የዘመመ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ የአዳማ ልጅ ነው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገራል፣ በሁለቱም እኩል ይዋሻል። ውሸቱ ለክፋት አልነበረም፣ ለእንጀራ ነበር። ግን ውሸት ውሸት ነው፤ ሲጠራቀም የሚያመጣውን መዘዝ ደግሞ መርዳሳ በአንድ ልጁ ሰርግ ቀን አየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር ሰርግ ያለ አበባ ፎቶ አይሆንም። አበባ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ዛሬ ያየኸው በሳምንቱ የለም። የስምጥ ሸለቆን ከተሞች አበባ ደግሞ እንደ መርዳሳ የሚያውቅ አልነበረም። መጋቢት ላይ ኩየራ ነው፤ የሚሲዮን ትምህርት ቤቱ ግቢ ጃካራንዳ መሬቱን ሐምራዊ አልብሶት ይገኛል። ከዚያ መልካሳ ይቀጥላል። ከፋሲካ በኋላ ወንጂ፣ በድሮ የሠራተኞች ሰፈር መንገድ ግራና ቀኝ የድሬዳዋ ዛፍ ቀይ ሆኖ ይቆማል። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ አቦምሳ ገና ይጀምራል። የሚታየው ታዲያ በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ያነሳና አበባው ይደበዝዛል።

መርዳሳ ይህን ሁሉ ያውቅና ለማንም አይናገርም። ሌላ ፎቶ አንሺ ደውሎ “ጋሼ፣ መልካሳ አብቧል እንዴ?” ቢለው፣ “ረግፎ አለቀ ባክህ፣ ነዳጅህን አታቃጥል” ይለዋል። ስለ ወንጂ ቢጠይቁት፣ “ንብ ሰፍሮበታል፤ ባለፈው አንዷን ሙሽራ ነድፏት ፊቷ አብጦ ተዳረች” ይላል። ሁሉም ፎቶ አንሺ እንዲህ ያደርጋል፤ የአበባ ቦታ ተጠይቆ እውነት የተናገረ ፎቶ አንሺ ካለ አሞታል ማለት ነው። መርዳሳ ግን ይብሳል። እሱ ዘንድ ሥራ የተማረው ኢሊያስ እንኳ፣ ራሱን ችሎ ስቱዲዮ ከከፈተ በኋላ፣ “ጋሽ መርዳሳ ግራ ካለህ ወደ ቀኝ ንዳ” እያለ ይስቅበት ነበር።

ከቦታዎቹ ሁሉ መርዳሳ የሚሳሳለት አንዱን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአሮጌው የመልካሳ መንገድ ዳር፣ ከእማማ ቡዜ አጥር ጎን የቆመ ትልቅ የድሬዳዋ ዛፍ። አንደኛው ቅርንጫፉ፣ ብቻውን አንድ ዛፍ የሚያህለው፣ በሜዳውና በመንገዱ ላይ ተዘርግቶ ይሄዳል። መርዳሳ ሙሽሮቹን ከዚያ ቅርንጫፍ ሥር ያቆምና ቅርንጫፉ ላይ ያሰረውን ገመድ ለሚዜዎቹ ይሰጣል። “ሳቡ” ሲላቸው ይስባሉ፣ አበባው ይዘንባል። መጀመሪያ ላይ በየሰርጉ እየወጣ ነበር ገመዱን የሚያስረው። ገመዱን ሌባ እየወሰደበት፣ እሱም ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ፣ አንድ ቀን ወፍራም ሽቦ ቅርንጫፉ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመና በፒንሳ አጥብቆ እዚያው ተወው። ከዚያ ወዲህ ከታች ሆኖ ገመዱን ከሽቦው ላይ በመንጠቆ ማንጠልጠል ብቻ ሆነ። ጎበዝ ነኝ አለ። ያየውም ሁሉ ጎበዝ ነህ አለው።

ሽቦውን ግን አንድም ቀን አላላውም። ዛፍ ደግሞ ይወፍራል።

ከዓመት ዓመት ያ ቅርንጫፍ ከሌሎቹ ቀድሞ ማበብ ጀመረ። የቀረው ዛፍ ገና ቅጠል ሲያወጣ እሱ ቀይ ለብሶ ይጠብቃል። መርዳሳ ደስታው ወሰን አጣ፤ “ይሄ ቅርንጫፍ ይወደኛል” እያለ ለሚስቱ ለሙሉብርሃን ያወራላት ነበር። የታነቀ እንጨት እንዲያ እንደሚያብብ፣ ከመሞቱ በፊት ዘር ለመተው እንደሚጣደፍ ማን ይንገረው? የሚነግረው ቢኖርስ መርዳሳ መቼ ሰው ይሰማል!

ዘንድሮ ቅርንጫፉ አንድ ቅጠል እንኳ ሳያወጣ ከጫፍ እስከ ግንድ ቀይ ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ የጂጂ ሰርግ ነው። ጂጂ የመርዳሳ አንድ ልጅ ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ የአቦምሳውን ቶኩማን ነው የምታገባው። “አባዬ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ላይ አበባ ስታዘንብ ኖረሃል፣ የኔ ተራ መቼ ነው?” እያለች ነው ያደገችው። መርዳሳ ለዚያ ቀን ካሜራ አልይዝም ብሎ ነበር። ገመዱን ራሱ ሊስብላት ነው። ከደስታው የተነሳ ያላደረገውን አደረገ፤ የዛፉን ፎቶ አንስቶ፣ “ልጄን የምድርበት ቦታ ይኸው” ብሎ ከነመንገዱ ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። በሕይወቱ የአበባ ቦታ እውነቱን የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሰርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ወደ ማምሻው ላይ፣ መሬቱን ሊያጸዳ ወደ ዛፉ ሄደ። እማማ ቡዜ ከአጥራቸው ብቅ አሉ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ፍየል የሚያረቡ ብቸኛ ሴት ናቸው።

“ያ መርዳሳ፣ መጣህ?”

“መጣሁ እማማ። ነገ የልጄ ቀን ነው። ፍየሎቹን ከዚህ እንዲያነሱልኝ ልለምንዎት ነው።”

“ካነሳኋቸውማ ቆየሁ። ይቃትታል።”

“ማነው የሚቃትተው?”

“ዛፍህ ነዋ። በቀትር፣ ነፋስ በሌለበት። ዱቄት ያረግፋል፤ ጠዋት ጠዋት የምጠርገው እኔ ነኝ። ወፎቹም ከወዲያኛው ወገን እንጂ እዚህኛው ላይ አያርፉም። እስኪ ቀና ብለህ እይ።”

መርዳሳ በየሰርጉ ስኳርና ቡና ይሰጣቸው ነበርና ነገሩ ወደዚያ መሰለው። “ነገ ስኳርዎን ይዤ እመጣለሁ” አላቸው።

“ስኳር አልጠየቅሁህም ልጄ” አሉት።

ይህን ጊዜ መርዳሳ ቀና አለ። በወዲያኛው ወገን ወፍ ይንጫጫል፤ በቀዩ ቅርንጫፍ ላይ አንድም የለም። የእማማ ቡዜን መሰላል ተውሶ ወጣ። አምና ጫፉ ብቅ ብሎ ይታይ የነበረውን ሽቦ ፈለገው፣ አጣው። ልጡ ውጦት፣ ከላዩ እንደ ከንፈር ተገጥሟል። የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና በስንጥቁ ገፋ ሲያደርገው እስከ ጭንቅላቱ ሰመጠ። ጥቁር ውሃ በእጁ አንጓ ላይ ወረደ፤ ተከትሎት ጉንዳን ወጣ። በውስጡ እንጨት የሚባል ነገር አልቀረም፤ ያን ሁሉ አበባ ተሸክሞ የያዘው የላይኛው ልጥ ብቻ ነው።

ከመሰላሉ ወረደ። ነገ ጂጂ እዚህ ሥር ልትቆም፣ እሱ ራሱ ገመዱን ሊስብ ነበር። ያን ጊዜ ቅርንጫፉን ማውረድ ነበረበት። አላወረደውም። ሊመሽ ነው፣ እንግዳ እየገባ ነው፣ ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ዋናው የኔ ልጅ አለመምጣቷ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤት ድንኳኑ ተተክሎ ዘፈኑ ቀልጧል። በሰርግ ዋዜማ ስለሚወድቅ ነገር ማውራት ሟርት ነው፤ ሙሉብርሃን ብትሰማ እዚያው ታለቅሳለች። ስለዚህ መርዳሳ የለመደውን አደረገ። “ጂጂዬ፣ የመልካሳው አሮጌ መንገድ ተዘግቷል፤ እየቆፈሩት ነው። ነገ ፎቶው ወንጂ ይሁን” አላት። ጂጂ ፊቷ ጠቆረ፤ ከዚያ “እሺ፣ ካልክ” ብላ ተወችው።

እሑድ ጠዋት ቶኩማና ሚዜዎቹ መጥተው ጂጂን ወደ ወንጂ ወሰዷት። ፕሮግራሙ ግልጽ ነው፤ ፎቶ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ሙሽሮቹ የወላጅ ጉልበት ስመው፣ ተመርቀው፣ ሳይመሽ ወደ አቦምሳ ይሄዳሉ። መርዳሳ በአዲስ ሙሉ ልብሱ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲቀበል፣ ከመጡት አንዱ፣ “አንተ፣ ያ የለቀቅከው ዛፍ ጉድ ነው። ኢሊያስም ዛሬ የሚያነሳቸውን ሙሽሮች ይዞ እዚያ ነው የሚሄደው” አለው።

መርዳሳ ወዲያው ወደ ጓሮ ሄዶ ደወለለት። “ኢሊያስ፣ ያ ቅርንጫፍ በስብሷል። ማንም ሥሩ እንዳይቆም፣ ገመዱንም እንዳትስቡ።”

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። “ጋሼ፣ የልጅዎ ሰርግ ቀን እንኳ አያርፉም? ሌላ ቀን ንብ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ብስባሽ መጣ። ደርሰናል፣ ወንበር እየዘረጋን ነው” አለና ዘጋው።

መርዳሳ ለማንም ሳይናገር መኪናውን አስነስቶ ወጣ። ሲደርስ ኢሊያስ የሚያነሳት ሙሽራ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ከቅርንጫፉ ሥር ልትገባ ነው፤ ከሥሩ አበባ የተጠመጠመበት ነጭ ወንበር ተቀምጧል። ሚዜዎቹ ገመዱን ሽቦው ላይ ለማንጠልጠል ይታገላሉ፣ ሽቦው አልገኝ ብሏቸው። መርዳሳ ሮጦ ሙሽራዋን ቀደማትና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

“ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?” አለ ኢሊያስ።

“አልነሳም። ይወድቃል አልኩህ። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ያበሰበስኩትም እኔ ነኝ።”

ሚዜዎቹ ተሳሳቁ። አንዱ “ለአበባው ሞግዚት ተቀጥሯል” አለ። እማማ ቡዜ ከአጥራቸው ሆነው “እውነቱን ነው” ቢሉም፣ ስኳር የበላች የሱ ሰው ናት ብለው አልሰሟቸውም። ከላይ ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅ መጣ፤ ከመርዳሳ በቀር የሰማው የለም። ከኮቱ ትከሻ ላይ ቀይ ዱቄት አራገፈ። ሞት ከራሱ በላይ ተንጠልጥሎ፣ እሱ የሚናገረውን አንድ ሰው አላመነውም። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

“እሺ፣ ጂጂስ ታዲያ የት ነው ፎቶ የምትነሳው?” ብሎ ጠየቀ ኢሊያስ፣ ዓይኑን አጥብቦ።

ያኔ መርዳሳ አንድ ነገር ገባው። ከነዚህ ሰዎች ጋር እውነት አቅም የላትም። “የትም ትነሳ፣ አንተን ምን አገባህ” አለና ቀጠለ፤ “ወንጂ ግን እንዳትሄዱ። ወንጂ ረግፎ አልቋል። አንድ አበባ አታገኙም።”

ኢሊያስ ፈገግ አለ። ወደ ሚዜዎቹ ዞረና “ዕቃ ጫኑ፣ ወንጂ ነን” አላቸው። ከወንበሩ በቀር ሁሉንም ለቃቅመው፣ ጥሩምባ እየነፉ ሄዱ።

መርዳሳ ጥሩምባው እስኪርቅ ጠብቆ ከሥሩ ወጣ። ዛፉን ግን እንዲያ ትቶት መሄድ አልቻለም፤ ቦታውን የነገረው እሱ ነው፣ ሌላ ሙሽራ ይመጣል። መኪናውን ከዛፉ ወዲያ ማዶ ራቅ አድርጎ አቆመ። እማማ ቡዜን ከቤታቸው አስወጣ። ከመኪናው ያወጣውን የራሱን ገመድ በቅርንጫፉ ላይ ወርውሮ አሳለፈና፣ ራቅ ብሎ፣ ለአበባ እንደሚስበው ያህል ቀስ አድርጎ ሳበው።

ሁለተኛ መሳብ አላስፈለገም። ቅርንጫፉ በሙሉ ወረደ። መሬቱ እግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ፤ አቧራና ቀይ አበባ አንድ ላይ ተነስቶ ፀሐዩን ጋረደው። አቧራው ሲበን ወንበሩን ፈለጉት፤ የነበረበት አልታወቅም አለ። መርዳሳ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። እዚያ ያቆማቸው ሙሽሮች ሁሉ በዓይኑ መጡበት፤ አምና የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች አንዷ። እማማ ቡዜ ውሃ ሰጡት፣ መጠጣት አልቻለም።

ቅርንጫፉ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል፤ መኪናው ከወዲያ ማዶ ቀርታለች። ወደ ቤቱ ደወለ፤ በዘፈኑ ውስጥ ማን ይስማው። በእግሩ እስከ አስፋልቱ ወጣ፣ ባጃጅ እስኪያገኝ ብዙ ቆየ። ሲደርስ ምሳው ተነስቷል። የቶኩማ ሽማግሌዎች፣ የአቦምሳ መንገድ ሩቅ ነው፣ ይመሽብናል ብለው ተነስተዋል። ሙሉብርሃን ዓይኗ ቀልቶ ብቻዋን መርቃ ጨርሳለች። ጂጂ አንድ እግሯ መኪናው ውስጥ ነበር፤ ስታየው ወረደች።

“ኢሊያስን ወንጂ አገኘሁት” አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “መንገዱ አልተቆፈረም አለኝ። አባትሽ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ፎቶ አላስነሳ አለን አለኝ። በሰርጌ ቀን፣ አባዬ፣ ዛፍ ስትጠብቅ።”

“ልጄ፣ ቅርንጫፉ በስብሶ ነበር። ሰው ሊገድል ነበር። አሁን ወድቋል፣ መንገዱም በእውነት ተዘግቷል። ሄደሽ ማየት ትችያለሽ።”

ጂጂ አየችው። ፎቶ አንሺዎቹ ሳያምኑት ሲሰሙት የሚያሳዩት ያ ፈገግታ ፊቷ ላይ ነበር።

“እሺ አባዬ” አለችው።

ሰው ሁሉ ያያል። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። መርዳሳ አቧራ የጠጣ እጁን በራሷ ላይ ጭኖ፣ ለዚህ ቀን ሲያጠናው የኖረውን ምርቃት ጀመረ። ገና ወደ መካከሉ ሳይደርስ ተነስታ ቀሚሷን ሰበሰበች። እሱ እስከ መጨረሻው መረቀ፤ አሜን ያሉት ሽማግሌዎቹ ብቻ ነበሩ።