ሰው ሲገባ መነሣት

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ታካሚዎቹ ተራቸው የደረሰ ይመስላቸውና ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ ውስጠኛው በር ያመራሉ። አብራኝ የምትሠራው ውቢት፣ «አንተ ልጅ፣ ዳኛ የገባ አስመሰልከው እኮ። ቁጭ ብለህ ሰላም ማለት አይቻልም?» ትለኛለች።

አይቻልም። ሞክሬው አውቃለሁ። የሞከርኩት ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

እዚያ የገባነው እንደ አሜሪካ አቆጣጠር በ2006 ክረምት፣ በዲቪ ነበር። እናቴ ሰርክአዲስ የሆቴል ክፍል ማጽዳት ሥራ አገኘች፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ ትምህርት ቤት ገባሁ። አዲስ አበባ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ይነሣል፤ «ተቀመጡ» እስኪባል ማንም አይቀመጥም። በመጀመሪያው ቀን ርእሰ መምህሩ ብቅ ሲሉ ተነሣሁ። ዞር ብዬ ሳይ የቆምኩት ብቻዬን ነበር።

መምህሬ ሚስ ሃርፐር ፈገግ አሉና ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ እንጨት አውርደው አስያዙኝ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ኮሪደሩ አመለከቱኝ። እንጨቱ የመጸዳጃ ቤት ፓስ፣ የመውጫ ፈቃድ ነበር። ቋንቋ ስለማላውቅ ሽንቴ መጥቶ መናገር ያቃተኝ መስሏቸዋል። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲገባ አዲስ ልጅ ወጣ ብሎ መመለሱ የአገሩ ሥርዓት መሰለኝ። ሄጄ፣ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ምክትል ርእሰ መምህሯ ሲገቡ ተነሣሁ፤ እንጨቱን ተቀበልኩ። ኮምፒዩተር ጠጋኙ ሲገባ ተነሣሁ፤ እንጨቱን ተቀበልኩ።

እንግሊዝኛ ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ኮሪደር ነው። ግድግዳው ልጆች በሳሉት ሥዕልና ከሥሩ በጻፉት ቃል የተሸፈነ ነበር፤ ዓሣ፣ ድልድይ፣ ጨረቃ፣ የአንዷ ልጅ አያት። ማንም ስለማያየኝ በጣቴ እየተከተልኩ ፊደሎቹን በሹክሹክታ እገጣጥም ነበር። ዛሬም ብቻዬን ሳነብ ጣቴ መስመሩን ይከተላል።

ሚስ ሃርፐር አሳሰባቸው መሰለኝ፣ በስልክ አስተርጓሚ በኩል ለእናቴ ደወሉላት፤ ልጅዎ መጸዳጃ ቤት ያበዛል አሏት። እናቴ ሐኪም አላስፈለጋትም።

«ብርድ መትቶህ ነው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ምንም አልሆንኩም።»

«ዝም በልና ዋጥ።»

ጠዋት ጠዋት ፌጦ በሎሚ እያስዋጠች፣ ሱሪ በሱሪ ላይ ደርባ ትልከኝ ጀመር። ለምን እንደምነሣ የጠየቀኝ አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ሽንቴ ነበር።

ከጎኔ የምትቀመጠው ዮሐና ነበረች። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አባቷ አርሊንግተን ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። አማርኛ ስለምትችል እንድታስተረጉምልኝ ሚስ ሃርፐር መድበዋታል። ያለ እሷ ክፍሉ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠየቀችኝ።

«ወንዲ፣ ባዝሩም ለምን ቶሎ ቶሎ ትሄዳለህ?»

«እንጨቱን ሲሰጡኝ ነዋ።»

«የሚሰጡህ ስለምትነሣ ነው።»

«ታዲያ ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ልበል እንዴ?»

የምትጠጣው ወተት በአፍንጫዋ ወጣ። ስቃ ስታበቃ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ለሚስ ሃርፐር ንገሪልኝ» አልኳት።

«ኖ ዌይ። እኔንም እንዳንተ ሊያዩኝ? ኦልሬዲ ሚስስ ባዝሩም ይሉኛል። ሁለተኛ ከተነሣህ ሌላ ቦታ ነው የምቀመጠው። አይ አም ሲሪየስ።»

ከእሷ ሌላ የሚያናግረኝ አልነበረም። ስለዚህ ሰው ሲገባ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨምድጄ እይዝ ጀመር። ርእሰ መምህሩ ገብተው ወጡ፤ አልተነሣሁም። ፊቴ ግን እሳት ሆነ። እናቴ መጸዳጃ ቤት መመላለስ መተዌን ስትሰማ ፌጦው ሠራ ብላ ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ፅጌም አዘዘችላቸው።

አንድ ዓርብ ዮሐና ምሳዋን ረስታ መጣች። ይዘውላት የመጡት አያቷ አባባ ኪራኮስ ነበሩ፤ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ወር አልሞላቸውም። ኮታቸው ላይ የእንግዳ ስቲከር ተለጥፎባቸው በሩ ላይ ቆሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ልጆቹ አንዴ ቀና ብለው አይተዋቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሚስ ሃርፐር አንድ ልጅ እያስነበቡ ስለነበር ከተቀመጡበት በእጃቸው ይግቡ የሚል ምልክት ሰጧቸው። አባባ ኪራኮስ አልገቡም። ባርኔጣውን በጣቶቻቸው እያዞሩ፣ ያጠፉት ነገር ያለ ይመስል ፊታችንን በየተራ ያዩ ነበር።

እኔ ወንበሬን ጨምድጃለሁ። ዮሐና አንዴ አያቷን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

«ወንዲ» አለች በሹክሹክታ። «ተነሥ። ፕሊስ።»

«አብረሽኝ?»

የወንበሯ እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ። ጎን ለጎን ቆምን።

«ኖር» አልኳቸው።

የአባባ ኪራኮስ ፊት ፈታ አለ። «በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጡ ልጆቼ። እደጉ» እያሉ ገቡ።

ሚስ ሃርፐር ልማድ ሆኖባቸው እጃቸውን ወደ እንጨቱ ሰደዱ። ከኋላ አንዱ «ሚስተር ኤንድ ሚስስ ባዝሩም» አለና ተሳቀ። ዮሐና አልተቀመጠችም። ሁሉም እየሰማ በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ ተናገረች። ያለችው ሁሉ ባይገባኝም መጨረሻውን ከኮሪደሩ ግድግዳ አውቀው ነበር፤ «ማይ ግራንድፋዘር» አለች።

ሚስ ሃርፐር እንጨቱን ትተው ተነሡ፤ አባባ ኪራኮስንም በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። ከዚያ ወዲህ እኔ ስነሣ በአማርኛ «ተቀመጥ» ይሉኝ ጀመር፤ ያስጠናቻቸው ዮሐና ናት። ቦታዋንም አልቀየረችም። ኮሪደሩ ሲናፍቀኝ ግን አልፎ አልፎ እንጨቱን እኔው እጠይቅ ነበር። እናቴ ነገሩን ስትሰማ እስኪያማት ሳቀች፤ ፌጦውን ግን አልተወችም፤ «ለምንም ይሆናል» አለች።

ባለፈው ወር ዮሐና ጥርሷን ልትታይ ከምትኖርበት ከፎልስ ቸርች መጣች። በሩን ስትከፍት ብድግ አልኩ። ውቢት ልታሾፍብኝ አፏን ስትከፍት ዮሐና ቀደመቻት። ኮቷን እያወለቀች፣ ታካሚው ሁሉ እየሰማ፣

«በእግዜር ተቀመጥ» አለችኝ። «ነው ወይስ ባዝሩም ልትሄድ ነው?»